ወላጁን የማያውቅ ፋይል

«ዐቃቤ ሕግ»ን አንዱ ጋዜጣ «አቃቤ ህግ»፣ ሌላው «ዓቃቤ ሕግ» ብሎ ይጽፈዋል። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ጋር የተያያዙ የችሎት ዜናዎችን ሰብስቦ በኮምፒውተር ለመፈተሽ የተነሳ ፕሮግራመር፣ ሞክሼ ፊደላቱን አስቀድሞ ወደ አንድ ካላመጣ ብዙ ዜና ያመልጠዋል።

ለዚህ የሚረዳ አምሴግ የተባለ የፓይተን ፓኬጅ አለ፤ የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሰይድ ሙሄ ይማምና ባልደረቦቻቸው ያዘጋጁት ነው። ቃልና ዓረፍተ ነገር የሚለየው፣ ሞክሼ ፊደላትን የሚያስተካክለውና አማርኛን በላቲን ፊደል የሚጽፈው ክፍል በየራሳቸው ሞጁል ተቀምጠዋል። አንዴ በፒፕ ከተጫነ ከየትኛውም ፎልደር ኢምፖርት ይደረጋል፤ ፓይተን በስሙ ያውቀዋልና።

ችግር የሚመጣው ፕሮግራመሩ የራሱን ኮድ ሲያደራጅ ነው። ፓይተን 3 በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ስለሚቀበል፣ «ዜና» የሚባል ፎልደር አለ እንበል። ውስጡ «ፊደል» የተባለ ሞጁልና «ችሎት» የተባለ ንዑስ ፎልደር አሉ፤ በችሎት ውስጥ ደግሞ «ቆጣሪ» የተባለ ሞጁል አለ። ቆጣሪ ፊደልን ከላይ ለማምጣት ከስሙ በፊት ሁለት ነጥቦች ያስቀድማል፦ አንድ ነጥብ ራሱ ያለበትን ፎልደር ማለትም ፓኬጅ፣ ሁለት ነጥቦች ወላጁን ያመለክታሉ። ይህ አጻጻፍ ፒኢፒ 328 በተባለው የፓይተን ማሻሻያ ሰነድ ተደንግጎ በ2006 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 2.5 ጋር መጣ። ሆኖም ፋይሉ በቀጥታ ሲነሳ ፓይተን «ወላጅ ፓኬጁ አይታወቅም» ብሎ ያቆመዋል።

ፎልደሩ እዚያው አለ። ፓይተን ግን ነጥቦቹን የሚቆጥረው በሞጁሉ ሙሉ ስም ላይ እንጂ በዲስኩ ላይ አይደለም፤ በቀጥታ የተነሳ ፋይል ደግሞ ስሙ «ሜይን» ብቻ ይሆናል። ዜናን ከያዘው ፎልደር ላይ ሆኖ በሰረዝ ኤም ትእዛዝ «ዜና.ችሎት.ቆጣሪ» ብሎ ማስነሳት ወላጁን ይመልስለታል።

ብዙዎች የሚቸኩሉት ግን የዜናን አድራሻ ሲስ ፓዝ ላይ፣ ማለትም ፓይተን ሞጁል በሚፈልግባቸው ቦታዎች ዝርዝር ላይ፣ ለመጨመር ነው። ያኔ አንዱ ሞጁል «ፊደል»፣ ሌላው «ዜና.ፊደል» ብሎ ሲጠራው ፓይተን ያንኑ ፋይል ሁለት ጊዜ ይጭነዋል። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ በአንዱ ቅጂ ላይ የተጨመረ የማስተካከያ ደንብ በሌላው ላይ አይታይም፤ ምንም ኤረር ሳይወጣ «ዐቃቤ ሕግ» እንደገና ሁለት ሆኖ ይቆጠራል። ቁጥሩ የሰው ጉዳይ ስለሆነ ይህ ስህተት ፕሮግራሙን ከሚያቆም ኤረር ይከፋል።

የሚያዛልቀው የራስን ኮድም እንደ አምሴግ ማየት ነው፦ ፓይፕሮጀክት የተባለውን የቶምል ፋይል ጽፎ ኮዱን በፒፕ ኤዲተብል አድርጎ መጫን። ከዚያ በኋላ ቆጣሪም ሆነ ከዜና ውጭ የተቀመጡ የሙከራ ፋይሎች «ዜና.ፊደል» በሚል አንድ ሙሉ ስም ይጠሩታል፤ በፊደል ውስጥ አዲስ ደንብ ሲጻፍም ዳግም መጫን አያስፈልግም።