ቡዳን ጭራቅ ማድረግ፦ ለጎጃም አስፈሪ ጨዋታ ደንብና ዓለም ስለ መምረጥ

የሚና ጨዋታ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው በቃል የሚሠሩት ልብ ወለድ ነው። አንዱ ተራኪ ይሆናል፤ ሌሎቹ የየራሳቸውን ገጸ ባሕርይ ይዘው ሲገቡበት፣ ውጤቱ በሚያጠራጥርበት ቦታ ዳይስ ይጣላል። ዘርፉ እ.ኤ.አ. በ1974 ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ባሳተሙት ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ ከተጀመረ ወዲህ ደንቦቹ በየጊዜው እየታደሱ፣ ዓለማቱም እየበዙ ሄደዋል። ተጫዋቾች ታዲያ ሁለት ነገር ይመርጣሉ፤ የትኛውን እትም? የትኛውን ዓለም? ጥያቄዎቹ ተነጣጥለው ሲጠየቁ መኖራቸው ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ። ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ያለውን ገጠር መቼት አድርጎ አስፈሪ ጨዋታ መሥራት ለሚሻ ሰው ደግሞ ስሕተቱ ከባድ ነው። ምክንያቱም ደንቡ ማን እንደሚፈራና ዋጋውን ማን እንደሚከፍል ይወስናል።

አንድ ምሳሌ ነገሩን ያሳያል። ትሬሲና ሎራ ሂክማን እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጡት ሬቨንሎፍት ስትራድ የተባለ ደም መጣጭ መስፍን የሚገዛውን ሸለቆ የሚተርክ ነው። በዚያን ጊዜ በነበረው ደንብ ደም መጣጭ አንዴ ሲመታ ከገጸ ባሕርይው ሁለት የልምድ ደረጃ ይነጥቃል፤ ተጫዋቹ በወራት ጨዋታ ያገኘው ነገር በአንድ ምት ይጠፋል፣ ከፍ ያለ ሥልጣን ያለው ካህን ካልተገኘም አይመለስም። ይኸው ታሪክ እ.ኤ.አ. በ2016 ከርስ ኦቭ ስትራድ ተብሎ ለአምስተኛው እትም ሲዘጋጅ ግን ንክሻው የሚቀንሰው የሕይወት ነጥብ ጣሪያን ነው፤ ከአንድ ሌሊት ሙሉ ዕረፍት በኋላ ወደ ቦታው ይመለሳል። ግንቡ ያው፣ መስፍኑ ያው፣ ጉሙም ያው ሆኖ ፍርሃቱ ግን ሌላ ሆኗል። በመጀመሪያው ደንብ ተጫዋቹ ራሱ ይፈራል፤ በሁለተኛው ገጸ ባሕርይው ይፈራል፣ ተጫዋቹ ግን ይደሰታል። ሁለቱም ተገቢ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ግን አይቻልም።

ደንብ በየቦታው መለያየቱ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የገበታ ጨዋታ በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ምን ያህል ዓይነት አጨዋወት እንዳለው ሰንደዋል። በድሮው የሰንጠረዥ ጨዋታም የመጀመሪያው መግደል እስኪሆን ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደልባቸው የሚያንቀሳቅሱበት ወረራ ነበር። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ገበታ ላይ ሲቀመጥ በየትኛው እንጫወት ብሎ መስማማት ግድ ነው።

ወደ ዓለሙ ልመለስ። የጎጃም ገጠር አስፈሪ ነገር ሞልቶታል፤ ጭራቅ አለ፣ ዛር አለ፣ በወንዝና በዋርካ ስር የሚፈራ መንፈስ አለ። ከሁሉ በላይ የጨዋታ ደራሲን የሚያጓጓው ግን ቡዳ ነው። ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ነው፤ በዓይኑ ይበላል፣ መቃብር ይቆፍራል ይባላል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ጆሯቸው ላይ ጉትቻ ስላለባቸው ጅቦች ጽፏል፤ ተረቱም ከዚያ ወዲህ በብዙ የጉዞ መጽሐፍ ተደጋግሟል። የጭራቅ መዘርዝር ለሚያዘጋጅ ሰው ሁሉ ነገር የተሟላ ይመስላል፦ ቅርፁን ይለውጣል፣ በዓይን ያጠቃል፣ ድክመቱ ጤና አዳምና ጠበል ነው፣ ነጥብ ብቻ ይቀረዋል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ቡዳ የሚባለው ሰው ስም ያለው ጎረቤት ነው፤ ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ፣ ምጣድ የምታወጣ ሸክላ ሠሪ፣ ሸማኔ፣ ቆዳ ፋቂ ነው። ገበሬው ያለ እርሱ አያርስም፣ እናቲቱም ያለ እርሷ እንጀራ አትጋግርም፤ ጋብቻና ማዕድ ላይ ግን ይገለላሉ። ቤተ እስራኤል በዚህ ስም ምን ያህል እንደተሰቃዩ ሐጋር ሳላሞን እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመችው መጽሐፍ አሳይታለች፤ የመጽሐፏን ርእስ እንኳ ከዚሁ የጅብነት ስም ነው የወሰደችው። ቶም ቦይልስተንም በጣና ዳር ዘጌ ላይ ባደረገው ጥናት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው፣ የቡዳ ነገር አብሮ ከመብላትና ከማኅበራዊ ደረጃ ጋር እንዴት እንደተጋመደ አስረድቷል። ዳግማዊ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸውም ቁስሉ የቆየ መሆኑን ይመሰክራል።

እንግዲህ ለቡዳ የሕይወት ነጥብ መስጠት ማለት ክሱን እውነት ነው ብሎ መፍረድ ነው። ተጫዋቾቹ ቀጥቃጩን አሳደው ሲገድሉት ደንቡ የልምድ ነጥብ ይሸልማቸዋል። የስትራድ ዓለምም ከዚህ ጋር በጣም የሚመሳሰል ነገር ደርሶበታል። በዚያ ሸለቆ የሚኖሩት ቪስታኒ የተባሉ ተጓዦች የተቀረጹት አውሮፓ ስለ ሮማ ሕዝብ ከምታወራው ጭፍን ወሬ ነው፦ ጠንቋይ፣ ሌባ፣ የክፉው መስፍን ሎሌ። አሳታሚው ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2020 ይህን ለማረም መነሣቱን አስታውቆ በአዲሱ ኅትመት አንዳንድ ምንባብ ለውጧል። ማረሙ መልካም ነው፤ ግን ሠላሳ ሰባት ዓመት ፈጅቷል። እኛ ገና ሳንጽፈው የማረም ዕድል አለን።

ቡዳን ጨርሶ ከጨዋታው እናውጣ ማለቴ ግን አይደለም። አስፈሪው ክሱ ራሱ ነው። ቡዳ በላው የተባለው ታማሚ ይታጠናል፣ ይጠየቃል፤ ከዚያ በራሱ አፍ በሌላ ሰው ድምፅ ይለፈልፋል፤ ማን እንደበላው፣ የት እንዳገኘው፣ ምን ሲበላ እንዳየው ይናገራል። ስሙ ከወጣ በኋላ በመንደሩ ውስጥ የሚሆነውን የሚያህል አስፈሪ ትዕይንት በየትኛውም የተገዛ መጽሐፍ አላነበብሁም። እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ ዛርን ያጠናው ሚሼል ሌሪስ ኋላ በጻፈው መጽሐፍ የሚጫወቱትን ትያትርና የሚኖሩትን ትያትር ለይቷል። ልፍለፋ የሚኖሩት ነው፤ ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲመጣ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ይህን የሚሸከም ደንብ የትኛው ነው? ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ በየትኛውም እትሙ አይመስለኝም፤ ጥያቄውን ሁሉ ወደ ውጊያ ይስበዋልና። ሳንዲ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ያዘጋጀው ኮል ኦቭ ክቱልሁ ይሻላል፤ እዚያ ገጸ ባሕርይው ተራ ሰው ነው፣ አስፈሪ ነገር ሲያይ የአእምሮ ጤና ነጥቡ ይቀንሳል። ከእትሞቹ መካከል ሰባተኛውን እመርጣለሁ፤ በእርሱ ውስጥ ገጸ ባሕርይው ከሚወደው ሰው ወይም ከሚያከብረው ነገር ጋር ያለው ትስስር ለማገገም ይረዳዋል። በድሮዎቹ እትሞች ሕክምናው ከሞላ ጎደል የአእምሮ ሆስፒታልና የሥነ ልቦና ሐኪም ሥራ ነበር፤ ለቡሬ ገበሬ ይህ ባዕድ ነው። እርሱ ሲታመም ወገኖቹ ጠበል ይወስዱታል፣ ምናልባትም እስከ ሰከላ ግሽ ዓባይ ድረስ፤ አብረውት ያድራሉ፣ ስንቁን ይይዛሉ። ትስስሩ ላይ የቆመ ደንብ ይህን ሊተርክ ይችላል።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይጎድለዋል። በክቱልሁ ፍንጭ ለማግኘት ዳይስ ይጣላል፤ ካልተሳካ ታሪኩ ሊቆም ይችላል። ሮቢን ሎውዝ ያዘጋጀውና ኬኔት ሃይት እ.ኤ.አ. በ2008 ትሬይል ኦቭ ክቱልሁን የጻፈበት ገምሹ የተባለው ደንብ ይህን ገልብጦታል፤ ተገቢው ሙያ ያለው ሰው ከፈለገ ፍንጩን ያገኛል፣ ከባዱ ትርጉሙን መረዳት ነው። ለእኛ መቼት ይህ ፍጹም ይስማማል። በጎጃም መንደር ወሬ አይጠፋም፤ የታመመው ራሱ ስም ይጠራል። የሚያስጨንቀው ማመኑ ነው።

አገሩ ራሱም ደንብ ነበረው፣ ደራሲዎች ሊያጠኑት የሚገባ። አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ሲጠራ የአካባቢው ሰው በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ድረስ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ምስጢር የሚያወጡት ሰዎች ወፍ ይባላሉ። ከአንድ ምሽት ጨዋታ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ተመልከቱ፦ የተዘጋ ሜዳ፣ ያልታረሰ እርሻ የሚጠብቃቸው የተናደዱ ሰዎች፣ ማንነቱ የተሰወረ ወፍ። ከዚህ ጎን ሌባሻይ ነበር። መድኃኒት የተጋተ ልጅ እየሮጠ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ሌባሻይ ሰው ላይ የተጣለ ዳይስ ነው። ጨዋታችን ጥፋተኛውን በዳይስ የሚወስን ከሆነ ያንኑ እየደገመ ነው፤ ስለዚህ በዚህ መቼት ዳይስ ጥፋተኛ እንዳይሰይም የሚከለክል ደንብ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፍ አለበት።

ዘመኑን በተመለከተ የካቲት 1933 ዓ.ም. የሚያህል አላየሁም። እንግሊዛዊው መኮንን ዊንጌት የመራው የጊዴዎን ጦር ከአርበኞች ጋር ሆኖ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር ከቡሬ ምሽግ እንዲለቅ አስገድዶታል፤ የፕሮፓጋንዳ ክፍሉም በድምፅ ማጉያ እየተጣራ የጠላት ቅጥር ወታደሮች እንዲከዱ ይወተውት ነበር። በዚያ ሰሞን ጎረቤት ጎረቤቱን ባንዳ ነው ወይስ አርበኛ እያለ ይመዝናል፤ የቡዳ ክስ በቀላሉ የሌላ ክስ መሸፈኛ ይሆናል።

ስለ ራቀ ዘመን ማውራቴም ምክንያት አለው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ ከአየር በተፈጸመ ጥቃት ሰላማዊ ሰዎች ሞተዋል፤ ከዚያ ወዲህም አካባቢው ጦርነት አላጣውም። ለዚያ አገር ልጅ ፍርሃት የሚገዛ ነገር አይደለም። በዚህ ዘርፍ የተለመዱ ሁለት መከላከያዎች አሉ፤ ሮን ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያቀረበው፣ ከመጀመሩ በፊት የማይነሡና በጥቁምታ ብቻ የሚታለፉ ጉዳዮችን የመለየት ልማድ፣ እንዲሁም ጆን ስታቭሮፖሎስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያመጣው፣ ማንም ምክንያት ሳይጠየቅ ትዕይንቱን የሚያስቆምበት ካርድ። አንዳንዶች እነዚህን የጨዋታ ማለስለሻ አድርገው ይንቋቸዋል። ለምዕራብ ጎጃም ሰው ግን የደንቡ አካል ናቸው፤ ከሰማይ የሚመጣ ድምፅ በዚህ ጨዋታ ውስጥ እንዳይኖር እኔ አስቀድሜ እለያለሁ።

ሥራው የገንዘብ ጉዳይም አይደለም። የገምሹ መሠረታዊ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ የአምስተኛው እትም ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ መሠረታዊ ደንብ ደግሞ ከጥር 2023 ጀምሮ ምንጭ ጠቅሶ ለመጠቀም በሚፈቅድ ነጻ ፈቃድ ወጥተዋል። ማንም አማርኛ ጸሐፊ ወስዶ መተርጎም፣ መለወጥና ማሳተም ይችላል። በገምሹ ቢጀምር፣ ሙያዎቹን በአገሩ ልክ እንደገና ቢሰይም፣ ቀጥቃጩን ከጭራቆች መዘርዝር አውጥቶ ተጫዋች ሊይዘው ከሚችለው ገጸ ባሕርይ መካከል ቢያስገባው እመርጣለሁ።