ወርዲን ጁባ ላይ መስማት

«ሙዚቃ ቋንቋ አያሻውም» የሚለው አባባል ለሱዳናዊው ድምፃዊ መሐመድ ወርዲ ሥራዎች ሲነገር ግማሽ እውነት ብቻ ነው። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወርዲ በ1932 በሰሜን ሱዳን ሰዋርዳ በምትባል የኑቢያ መንደር ተወለደ። በመምህርነት ሲያገለግል ቆይቶ በ1957 ድምፁ በኦምዱርማን ሬዲዮ ተሰማ። ከከተማው የቫዮሊን ጓድ ጋር ሲቀዳም የባላገሩን ዜማ አልጣለም፤ በዐረብኛም በኑቢያ ቋንቋም ዘፍኗል። ኑቢያውያን ኪሲር የሚሉት መሣሪያ የክራራችን ዘመድ ነው፤ የዜማው መሠረትም እንደ እኛው ባለ አምስት ድምፅ ቅኝት ነው። የእኛ አድማጭ ቃሉ ሳይገባው በዜማው የሚመሰጠው ስለዚህ ነው።

በ1994 አዲስ አበባ ላይ ያቀረበው ዝግጅት ቅጂ ለዚህ ምስክር ነው። ከስቱዲዮ ሥራዎቹ ይልቅ እዚህ ድምፃዊው አይቸኩልም፤ ሐረጉን ይደጋግማል፣ አድማጩን ይጠብቃል። ለእኔ ከቅጂዎቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል። ሆኖም አብዛኞቻችን የሰማነው እንደ አንድ የደስታ ምሽት ብቻ ነው። በመድረኩ ላይ የቆመው ሰው ግን የ1964ቱን የጥቅምት አብዮት በዜማ ያወደሰ፣ በኒሜሪ ዘመን የታሰረ፣ ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላም አገሩን ጥሎ የወጣ ስደተኛ ነበር። አንዳንድ የሱዳን ዜማዎችን ወስደን በአማርኛ ስናዜም እንኳ አዲስ ግጥም ሰጠናቸው እንጂ የነበራቸውን አልተረጎምንም።

ጁባ ውስጥ ይህ አሰማም አያዋጣም። እዚህ ጎረቤታችን ቃሉን ይሰማል። ዐረብኛ የገበያው መግባቢያ ነው፤ በዚያው ልክ በረጅሙ ጦርነት ዘመን የካርቱም ገዢዎች ቋንቋ ነበር። የ2011ዱ ሕገ መንግሥት የሥራ ቋንቋነቱን ለእንግሊዝኛ ሰጥቷል። ስለዚህ አንዱ ዘፈን ለአንዱ የወጣትነት ፍቅር፣ ለሌላው የቆየ ቁስል ሊሆን ይችላል።

ወርዲ ይህን ሸክም የሚያውቅ ከያኒ ነበር። በ1990 ጋምቤላ ውስጥ፣ በኢታንግ የስደተኞች ጣቢያ ለተጠለሉት ደቡባውያን ዘፍኗል። ከካርቱም መንግሥት ለሸሹ ሰዎች በካርቱም ቋንቋ ማዜም ቀላል ድፍረት አይደለም፤ ቋንቋው የገዢዎቹ ብቻ አለመሆኑን በሥራ ማሳየት ነው። ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነፃ ወጣች፤ እሱም በየካቲት 2012 አረፈ። ድንበሩ ተለየ፤ ዘፈኑ ግን ከወዲያም ከወዲህም ቀረ።

በኢታንግና በአዲስ አበባ ያስተናገድነው እኛ ነን፤ ዛሬም ከአድማጮቹ ጋር በአንድ ከተማ እንኖራለን። ተርጓሚ እንደ መሆኔ የምለው ይህን ነው፦ ያን የአዲስ አበባ ቅጂ እንደገና ስንከፍት ዐረብኛ የሚያውቅ ጎረቤት ከጎናችን እናስቀምጥ፤ የሚያስደስተውን ብቻ ሳይሆን የሚያስከፋውንም እንጠይቀው። ዜማውን ያለ ቀረጥ ወስደነዋል፤ የቃሉ ዕዳ ግን ገና አልተከፈለም።