መምህርቷ ዝም ስትል

«ሎስ ፖዪቶስ» የተባለውን የስፓኒሽ የጫጩቶች መዝሙር ከሜክሲኮ እስከ ቺሊ የማያውቅ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ግጥሙ ቺሊያዊው መምህር ኢስማኤል ፓራጌስ እ.ኤ.አ. በ1907 ባሳተመው የልጆች ግጥም መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል። ጫጩቶቹ ይርባቸዋል፣ ይበርዳቸዋል፤ እናታቸው እህል ትፈልግላቸዋለች፣ ከክንፏ ሥር ታስተኛቸዋለች። ታሪኩ ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ አፋቸውን ፈትተው ስፓኒሽ ለሚማሩ የካሊፎርኒያ የመዋዕለ ሕጻናት ልጆች ግን ቀኑን ሙሉ የሚያገለግሏቸውን ሁለት ነገሮች ይሰጣቸዋል፦ «ራበኝ» እና «በረደኝ» ማለትን።

ችግሩ፣ ልጅ መዝሙርን ሳያላምጥ ይውጣል። ቃሉ ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ሳይለይ ከዳር እስከ ዳር ያንበለብለዋል፤ ወላጅም «ልጄ ስፓኒሽ ቻለ» ብሎ ይደሰታል። ገና ነው።

ሙያው የሚታየው መዝሙሩ ሲቋረጥ ነው። ልምድ ያላት መምህርት ስንኙ ሊያልቅ ሲል ቀጥ ትላለች፤ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች። አንዳንዴ ክፍተቱን የሚሞላው ዝምተኛው ልጅ ነው። በማግስቱ ጫጩቶቹን አውጥታ ድመት ታስገባለች፤ ድመት ምን ትላለች? ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ዳቦውን ይዛ ያችኑ «ራበኝ» ትጠብቃለች። መዝሙሩን የሚያሰማ ስፒከር ይህን አያደርግም፤ ማንንም ሳይጠብቅ ያልፋል።

በሸረሪት ድር ላይ የሚወዛወዙት ዝሆኖች መዝሙር ሌላ ጥቅም አለው። አንዱ ዝሆን ድሩ እንዳልተበጠሰ ሲያይ ሌላ ይጠራል። ቁጥሩ ሁለት ሲሆን ግሱም ከነጠላ ወደ ብዙ ይቀየራል። ልጆቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ሰልፉን ሲቀላቀሉ፣ ማንም ሰዋስው ሳያስረዳቸው ለውጡን በጆሯቸው ይለምዱታል። ስለ ረጋው ባሕር የሚዘመረው ደግሞ አናባቢዎቹን ሁሉ በየተራ በአንድ ድምፅ እየተካ ይደጋገማል። ስፓኒሽ አምስት አናባቢ ብቻ ስላለው ጨዋታው አምስት ዙር ነው። «ኖ»ን «ኖው» እያለ የሚጎትት የእንግሊዝኛ አፍ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አያገኝም።

ለጣት ጨዋታ ብዙ መምህራን የሜክሲኮ ተወላጁን የሆሴ ልዊስ ኦሮስኮን «ዲዬስ ዴዲቶስ» ይመርጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ይህ መጽሐፍ ዜማውን ከነእንቅስቃሴው ይዟል። መጽሐፍ የማይፈታው ነገርም አለ፤ ግጥሙ ከአገር አገር ይለያያል። አንዲት አያት «እኛ ጋ እንዲህ አይባልም» ስትል ብልህ መምህርት አትከራከርም፤ ወንበር ስባ እንድትዘምርላቸው ትለምናታለች፣ ልጆቹም ሁለቱንም ይይዛሉ።