የቱሪን ሰፈሮችና የጎንደር ፒያሳ

ስለ ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሲወራ ሁለት ነገር ተነሥቶ ይቀራል፤ የመጀመሪያውን የአማርኛ ልብ ወለድ መጻፋቸውና በኋላ ለፋሽስት ማደራቸው። እኔ ዛሬ የማነሣው ሳይጽፉት የቀሩትን መጽሐፍ ነው። ባልተጻፈ መጽሐፍ ላይ ሂስ ይሰነዘራል ወይ? ትሉኝ ይሆናል። ይሰነዘራል፤ ጸሐፊው ሊጽፈው ሲችል ከተወው።

እኒህ የዘጌ ሰው በወጣትነታቸው ቱሪን ሄደው በአልበርቲና አካዳሚ ሥዕል ተምረዋል፤ ኋላም በናፖሊ አማርኛ አስተምረዋል። ቱሪን መንገዶቿ እንደ ክር የተዘረጉ፣ እግረኛው ከፀሐይና ከዝናብ ተጠልሎ በቅስት ሥር የሚሄድባት ከተማ ናት። ናፖሊ ደግሞ ጠባብ መተላለፊያ፣ ከመስኮት መስኮት የተሰጣ ልብስ፣ ድህነትና ጫጫታ። የሠዓሊ ዓይን ያለው እንግዳ ተማሪ እነዚህን ሰፈሮች በእግሩ ሳያዳርስ ቀረ ቢሉኝ አላምንም።

ታዲያ ያየው የታለ? እ.ኤ.አ. በ1908 ሮም ላይ ሁለት መጽሐፍ አሳተሙ። አንዱ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፤ ጦቢያ ወንድ መስላ ከአባቷ ጋር ወንድሟን ፍለጋ የምትንከራተትበት። መንገደኛን መጻፍ እንዳልከበዳቸው ምስክር ነው። ሁለተኛው በፈረንሳይኛና በአማርኛ የተሰናዳ የመንገደኛ መሪ ነው፤ ግን መንገደኛው ፈረንጅ፣ አገሩ ሐበሻ! በጭውውቱ መሐል የአገራችንን አስተዳደር፣ ወታደሩ በገበሬው ላይ የሚያደርሰውን በደል ያለ ርኅራኄ ይተቻሉ። ትችቱ እውነት አለው፤ እንዲያውም በመጽሐፉ ውስጥ ሕያው ሆኖ የቆየው እሱ ነው። ሆኖም የናፖሊ ጉስቁልና ከጎኑ ቢቀመጥ ኖሮ አንባቢው ራሱ ይመዝን ነበር። «በዚያ ዘመን ማን ያነብላቸው?» ለሚለኝ፣ ለልብ ወለዱስ ማን ነበር?

ለእኛ ለጎንደሬዎች ነገሩ የቅንጦት አይደለም። እጨጌ ቤትና አቡን ቤት ማን ይኖርባቸው እንደነበር ስማቸው ይናገራል፤ አዲስ ዓለምም የሙስሊሙ ነጋዴ ሰፈር እንደነበረ የማያውቅ የለም። ከፋሲል ግንብ ሽቅብ ወጥቼ ፒያሳ ስደርስ ግን ሕንፃው ሁሉ ዲዳ ይሆንብኛል። ጎንደር በጣሊያን እጅ ሳለች፣ እ.ኤ.አ. በ1938፣ ጌራርዶ ቦዚዮ የተባለ አርክቴክት ፕላን አወጣላት፤ የነጩ ሰፈር ለብቻ፣ የሐበሻው ለብቻ። ፒያሳ በጣሊያንኛ አደባባይ ማለት ነው፤ በቱሪን ሀብታሙም ድሃውም የሚተላለፍበት። ጎንደር ሲደርስ አጥር ሆነ። ይህን ልዩነት በአማርኛ ሊነግረን የሚችል፣ ሁለቱንም አገር የረገጠ ሰው ነበረን፤ እሳቸው ግን በዚያ ሰዓት ከወራሪው ወገን ቆመው ነበር።

ስለዚህ ዝምታቸውን እንደ መዘንጋት አላየውም። የናፖሊን ጓሮ ቀደም ብለው ጽፈውት ቢሆን ኖሮ፣ «አፈ ቄሣር» ተብለው ያወደሱትን ሥልጣኔ እንዲያ አጽድተው ማቅረብ ይቸግራቸው ነበር።