የትሩቪል አሸዋ ከጉደር ዳር ሲታይ

ጉደርን ከወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ ብቻ የሚያውቀው ሰው ብዙ ነው። ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በበዓል ቀን ከወንዙ ፏፏቴ ዘንድ የቆመ ግን ሁለት ዓይነት ሰው ያያል። አንደኛው ከከተማ መጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ጨርቅ አንጥፎ የሚመገበውና ፎቶግራፍ የሚነሣው ነው። ሁለተኛው ልብስ የሚያጥበው፣ ከብት የሚያጠጣው ነው። ውሃው አንድ ሲሆን ለአንዱ መዝናኛ፣ ለሌላው የሥራ ቦታ ነው። የውሃ ዳር ዕረፍትን የሚያሳይ ሥዕል ሁሉ፣ ሠዓሊው አሰበበትም አላሰበበትም፣ ከዚህ ልዩነት ጋር መፋጠጡ አይቀርም። ፈረንሳዊው ክሎድ ሞኔ እ.ኤ.አ. በ1870 የሣለው፣ ዛሬ በሎንዶኑ ናሽናል ጋለሪ የሚገኘው «የትሩቪል ባሕር ዳር» የዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው።

ሥዕሉ ትንሽ ነው፤ ቁመቱ 38፣ ወርዱ 46 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በግራ ነጭ የለበሰች ሴት፣ በቀኝ ጥቁር የለበሰች ሌላ ሴት ዣንጥላ ይዘው ተቀምጠዋል። በመካከላቸው ባዶ ወንበር አለ። ነጭ የለበሰችው በዚያው ዓመት ሰኔ ሞኔ ያገባት ካሚይ እንደሆነች ይታመናል።

የዓሣ አጥማጆች መንደር የነበረው ትሩቪል የፓሪስ ባለጸጎች መናፈሻ እየሆነ ሄዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1863 የባቡር ሐዲድ ሲደርሰው የጎብኚው ብዛት ጨመረ። ሞኔን ከቤት ውጭ መሣል ያስለመደው ኧዤን ቡዳን እንኳ ከብሪታኒ ገበሬዎች ዘንድ በከረመበት በ1867፣ የትሩቪል ሥራ ፈቶች ትዕይንት እንዳሳፈረው ለወዳጁ ጽፏል፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ እነርሱም ሊሣሉ ይገባል ሲል ተከራክሯል። ሞኔ በዚያ ክረምት ትሩቪል ሳለ ፈረንሳይ ከፕሩስያ ጋር ጦርነት ገጥማ ነበር፤ በተከታዩ ዓመት መጋቢትም የፓሪስ ኮሙን ተነሣ። ከዚህ ሁሉ አንዳች ምልክት በሸራው ላይ አይታይም። ስለሆነም ሥዕሉን የቡርዡዋ ጌጥ ነው ብሎ መጣል ቀላል ነው፤ ሲባልም ኖሯል።

ሆኖም ፍርዱ የተጣደፈ ነው። በቀለሙ ውስጥ የአሸዋ ቅንጣትና የዛጎል ስብርባሪ ተገኝቷል። ሠዓሊው በዕዳ የተያዘ ሰው ነበር፤ በነፋሱ መካከል ሆኖ፣ አሸዋው እርጥብ ቀለሙ ላይ እየተጣበቀ ይሠራ ነበር። ሴቶቹ ሲያርፉ እርሱ ሥራ ላይ ነው። የሥራውም ፍሬ በነጩ ቀሚስ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ነጩ ነጭ ብቻ አይደለምና። ግራጫና ሰማያዊ ገብቶበታል፤ ብሩሹ በወፍራሙ አልፎ የጨርቁን እጥፋት ሳይሆን የብርሃኑን አወዳደቅ ይዟል። ነጠላና ጋቢ በሚለበስበት አገር ይህ ትምህርት እንግዳ ሊሆን ባልተገባው ነበር። ነገር ግን ስንት ሥዕል ላይ ነው ጋቢ እንደ ኖራ ግድግዳ ድፍን ነጭ ሆኖ የሚታየው! በጉደር ዳር በዛፍ ሥር የተቀመጠ ሽማግሌ ጋቢ በቀትር አረንጓዴ ይነካዋል፤ ማታ ይወረዛል።

የሥዕሉ ድካም በሰው አያያዙ ላይ ነው። ጥቁር የለበሰችው ሴት የቀለም ክብደት ለማመጣጠን የተቀመጠች ትመስላለች፤ ምን እንደምታስብ ሠዓሊውን አላሳሰበውም። ባዶው ወንበር ከሁለቱ ሴቶች ይበልጥ ይናገራል።

ይህን አመለካከት መማር አንድ ነገር ነው፤ ዣንጥላውንና የኖርማንዲን ሰማይ መቅዳት ሌላ። ጉደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፤ የቀትሩ ጥላ አጭርና ስለታም ነው። በነሐሴ ወንዙ አፈር ተሸክሞ ወደ ዓባይ ይወርዳል። የሞኔን ሰማያዊ ቀለም ይዞ የሄደ ሠዓሊ በዚያ ወር ባዶ እጁን ይመለሳል።

የካሚይን ነጭ ቀሚስ ያጠበው እጅ ከትሩቪሉ ሸራ ውጭ ቀርቷል። ከጉደር ፏፏቴ በታች ግን አጣቢዋ፣ ሳሙናዋና የሚደርቀው ነጠላ በአንድ ቋጥኝ ላይ ናቸው፤ ጨርቅ አንጥፈው የሚበሉትም ከዚያው ጥቂት እርምጃ ራቅ ብለው ተቀምጠዋል።