‹ሄዷል› እና ‹ሄዶ ያውቃል›
እንግሊዝኛ ሳስተምር ከሁሉ በላይ የሚያከራክረን የግስ ቅርጽ ፕረዘንት ፐርፌክት ነው። መጻሕፍቱ «ቀደም ሲል ተፈጽሞ ከአሁን ጋር የሚገናኝ ድርጊት» ይሉታል። ተማሪው ይህን በቃሉ ይይዝና ፈተና ላይ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርዴይ» ብሎ ይጽፋል። እኔ ትርጓሜውን ትቼ ከአማርኛው መነሣት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ።

እንግሊዝኛ ለአንድ ‹ሃቭ› የሚያሸክመውን አማርኛ ለሦስት ያካፍለዋል። «ደሴ ሄዷል» የተባለ ሰው አሁን እዚህ የለም፤ «ሂ ሃዝ ጎን ቱ ደሴ» ነው። «ደሴ ሄዶ ያውቃል» የተባለው ግን አጠገባችን ቡና እየጠጣ ሊሆን ይችላል፤ «ሂ ሃዝ ቢን ቱ ደሴ»። «ደሴ መኖር ከጀመረ አሥር ዓመት ሆነው» የሚባልለት ደግሞ ዛሬም እዚያው ነው፤ «ሂ ሃዝ ሊቭድ ኢን ደሴ ፎር ቴን ዪርስ»። ከዚህ ላይ ‹ሃዝ› ከወጣ ሰውየው ከተማውን ለቋል። ስለዚህ ተማሪዬ ሲያመነታ «በአማርኛ የቱን ልትል ነበር?» እለዋለሁ።

አማርኛው የሚያሳስትበትም ቦታ አለ። «ትናንት መጥቷል» ለጆሯችን አይጎረብጥም። በእንግሊዝኛ ግን እንደ ትናንትና እንደ አምና ያለ ያለቀ ጊዜ ከተጠራ ‹ሃቭ› አይገባም፤ «ሂ ኬም የስተርዴይ» ነው። ‹ዛሬ› እና ‹በዚህ ሳምንት› ገና ስላላለቁ ይፈቀዳሉ። ሌላው ችግር «ተቀምጧል»፣ «ተኝቷል»፣ «ኮት ለብሷል» የምንላቸው ናቸው። እነዚህ ዓይናችን የሚያየውን ሁኔታ ስለሚናገሩ እንግሊዝኛው «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»፣ «ሂ ኢዝ ዌሪንግ ኤ ኮት» ይላል። «ሂ ሃዝ ዎርን ኤ ኮት» ያለ ተማሪ ሰዋስው አላፈረሰም፤ ያለው ግን «ኮት ለብሶ ያውቃል» ነው።

አሜሪካ ዘመድ ያለው ተማሪ «ዲድ ዩ ኢት የት?» ሲባል ሰምቶ ይመጣል። እንግሊዞች «ሃቭ ዩ ኢትን የት?» ማለት ይቀናቸዋል፤ አሜሪካውያን ሁለቱንም ይላሉ። እዚያ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣም።

ለልምምድ የዜና መክፈቻ እመርጣለሁ። ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በ‹ሃዝ› ይከፈታል፤ ቀንና ሰዓት ሲጠቀስ ወደ ተራው ኃላፊ ጊዜ ይዞራል። ተማሪዎቼ የዞረበትን ቃል አስምረው ምክንያቱን በአማርኛ ያስረዱኛል። ያን ማስረዳት የቻለ ተማሪ የቅርጹን ስም ቢረሳ አይጎዳም።