ያልታተመ ታሪክና የሃያሲው ድርሻ

ለኅትመት ባልበቃ ታሪክ ላይ የሚሰጥ ሂስ በታተመ መጽሐፍ ላይ ከሚሰጠው ይለያል። በታተመው ላይ ሃያሲው የሚናገረው ለአንባቢ ነው፤ በረቂቁ ላይ ግን አድማጩ ደራሲው ራሱ ነው፤ ጽሑፉም ገና ይለወጣል። የረቂቅ ሂስ ዋጋም በፍርዱ ትክክለኛነት ብቻ አይለካም፤ ደራሲው ከሰማው በኋላ ወደ ጽሑፉ ተመልሶ የሚሠራው ነገር ማግኘት አለበት።

በኢትዮጵያ የዚህ ዓይነቱ ሂስ ነባር ሥፍራ የቅኔ ጉባኤ ነው። ተማሪው ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ሲዘልቅ፣ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። ቤቱ ሲሰበር፣ ሰሙ ከወርቁ ሳይገጥም ሲቀር፣ አገባቡ ሲዛነፍ መምህሩ እዚያው ያቃናል። እርማቱ ቢያምም እምብዛም አያከራክርም፤ መምህሩም ተማሪውም የሚዳኙበት ሕግ አንድ ነውና። አጭር ልብ ወለድ ግን እንዲህ ያለ የጋራ ሚዛን የለውም። የመምህሩን ሕግ ሳይይዝ ቁጣውን ብቻ የወረሰ ሃያሲ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስሕተት ብሎ የሚያርመው የራሱን ጣዕም ያልገጠመውን ነው።

በአሜሪካ የረቂቅ ሂስ ልማድ የተቀረጸው በአይዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1936 በተመሠረተው የደራስያን ዎርክሾፕ ዙሪያ ነው። ረቂቁ አስቀድሞ ይታደላል፤ ባልንጀሮች ይወያዩበታል፤ ደራሲው ዝም ብሎ ያዳምጣል። በ1956 የተጀመረው የሚልፎርድ የሳይንስ ልብ ወለድ ደራስያን ጉባኤም ሁሉም በየተራ የሚናገርበትን፣ ደራሲው መጨረሻ ላይ የሚመልስበትን ሥርዓት ተከትሏል። ዝምታው ምክንያት አለው፦ መጽሐፉ ገበያ ሲወጣ ደራሲው አንባቢው አጠገብ ቆሞ «ለማለት የፈለግሁት እኮ...» ሊል አይችልም። ደራሲው ማቲው ሳሌሲስ በ2021 ባሳተመው መጽሐፉ ግን ይህ ዝምታ የሚጎዳው ባህሉ ለተሰብሳቢው እንግዳ የሆነውን ደራሲ መሆኑን ተከራክሯል። ትችቱ ተገቢ ነው፤ ምን ሊጽፍ እንዳሰበ ያልተጠየቀ ሰው ሌሎች የሚፈልጉትን ታሪክ እንዲጽፍ ይገፋፋል።

የጽሑፍ መምህሩ ፒተር ኤልቦ በ1973 ያቀረበው አማራጭ ቀላል ነው፦ አንባቢው ከመፍረዱ በፊት ሲያነብ በልቡ ያለፈውን ይንገር። ኮሪዮግራፈር ሊዝ ለርማን በ1990 በነደፈችው ሥርዓት ደግሞ አስተያየት ሰጪው ሐሳቡን የሚናገረው አስፈቅዶ ነው። ፈቃድ መጠየቁ ለአንዳንዱ ጆሮ የተጋነነ ጨዋነት ይመስል ይሆናል፤ የኤልቦ ምክር ግን በማንኛውም ረቂቅ ላይ ይሠራል። ከቤይሩት ተመልሳ እናቷን የምታገኝ ልጅ ታሪክ ላይ «መግቢያው ይንዛዛል» የተባለ ደራሲ የሚቆርጠውን አያውቅም። «እናትየው ቡናውን ቆልታ እስክትጨርስ ልጅቱ ለመኖር ትምጣ ለዕረፍት አልገባኝም፤ ሻንጣው ባዶ መሆኑ ሲታይ ግን ደነገጥሁ» ቢባል ግን ቦታውም ስሜቱም ተለይቶ ይታወቃል። ግራ መጋባቱ ታስቦበት የመጣ ከሆነ ይተወዋል፤ ካልሆነ ያቃናዋል። «ግሩም ነው፣ ቀጥልበት» የሚለው ሙገሳም የቱ ግሩም እንደሆነ ካልተናገረ ከ«ይንዛዛል» የተሻለ አይረዳም።

መፍትሔውን ሃያሲው ራሱ ሲጽፈው የሚመጣውን ጣጣ የአጭር ልብ ወለድ ደራሲው የሬይመንድ ካርቨርና የአርታኢው ጎርደን ሊሽ ታሪክ ያሳያል። ሊሽ በ1981 የወጣውን የካርቨር መድበል ከግማሽ በላይ ቆርጦታል። በልደቱ ቀን መኪና የገጨው ሕፃን ታሪክ በካርቨር ረቂቅ የሚያልቀው፣ ልጃቸው የሞተባቸው ወላጆች ዳቦ ጋጋሪው ዘንድ ትኩስ ዳቦ እየበሉ ሲያነጉ ነው። በሊሽ እርማት ግን የልጁ ዕጣ ሳይታወቅ ስልክ ይደወልና ታሪኩ እዚያው ይቋረጣል። ካርቨር በ1980 መጽሐፉ እንዳይወጣ በደብዳቤ ለምኖ ነበር፤ አልሆነለትም። በ1983 ይህን ታሪክ በረጅሙ መልክ አሳተመው፤ የመድበሉ ሙሉ ረቂቅ የወጣው እርሱ ከሞተ ከሃያ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2009 ነው። አጭሩን የሚመርጡ አንባቢዎች ዛሬም አሉ፤ ምርጫቸውም መሠረት አለው፤ ጭር ያለው አጨራረስ የራሱ ኃይል አለው። ይሁንና ያ ኃይል የሊሽ ነው፤ በሽፋኑ ላይ የታተመው ደግሞ የካርቨር ስም።